ደም ውስጥ የቀሩት ጠባቂዎች፦ ናታሊዙማብ፣ ሁለት ታካሚዎች እና ቶንሲል ውስጥ ያደረ ቫይረስ

ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2005 ናታሊዙማብ የሚባል መድኃኒት ከገበያ ተነሳ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) መድኃኒቱ የተፈቀደው በኖቬምበር 2004 ነበር። ገበያ ላይ የቆየው ሦስት ወር ብቻ ነው።

ምክንያቱ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ። ሁለቱም መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለው የነርቭ በሽታ ነበረባቸው። ሁለቱም በአንድ ትልቅ የክሊኒክ ሙከራ ውስጥ ተመዝግበው መድኃኒቱን ከሁለት ዓመት በላይ ወስደዋል፤ ኢንተርፌሮን የሚባል ሌላ መድኃኒትም አብረው ይወስዱ ነበር። ሁለቱም ላይ ፒኤምኤል የተባለ የአንጎል ኢንፌክሽን ተገኘ። ሴትየዋ ሞተች።

ይህን ጉዳይ ደጋግሜ እመለስበታለሁ። ስለ በሽታ መከላከያ ሥርዓታችን የነበረኝን ግምት የቀየረው እሱ ነው። ድሮ “የመከላከል አቅም” ሲባል የሚታየኝ ቁጥር ነበር፤ ነጭ የደም ሴል በዛ ወይስ አነሰ? የእነዚህ ሰዎች የደም ሴል ግን አላነሰም። እንዲያውም በዝቶ ነበር። ችግሩ ሴሎቹ የነበሩበት ቦታ ነው።

ነገሩ እንዲገባን መጀመሪያ ጉሮሮ ውስጥ እንግባ።

ቶንሲል ምን ይሠራል?

ቶንሲልን አብዛኞቻችን የምናስታውሰው ሲያመን ነው። አፋችንን ከፍተን፣ “አ” ብለን፣ ሐኪሙ በባትሪ ሲያይልን። ከጉሮሮ ግራና ቀኝ ያለችው ያች ቁራጭ ሥጋ ላይዋ ወጣ ገባ ነው። ከ10 እስከ 20 የሚሆኑ ጠባብ ጉድጓዶች አሏት። ጉድጓዶቹ ወደ ውስጥ ጠልቀው ይገባሉ፣ እንደ ሥርም ይከፋፈላሉ። የምንውጠውና የምንተነፍሰው ነገር ቅንጣቱ እዚያ ውስጥ ይገባል። የጉድጓዱን ግድግዳ የሚሸፍኑት ሴሎችም እንደ ቆዳ ግጥም ያሉ አይደሉም። ወንፊት ይመስላሉ፤ በየክፍተቱ ሊምፎሳይቶች የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ተሰግስገዋል።

አንገት ወይም ብብት ውስጥ ያሉት የሊምፍ ዕጢዎች ባዕድ ነገር የሚደርሳቸው በሊምፍ ቧንቧ ነው። ቶንሲል ግን ወደ ውስጥ የሚያስገባ የሊምፍ ቧንቧ የላትም። ባዕዱ በጉድጓዶቹ በኩል በቀጥታ ይገባል። ተከላካዮቹ ደግሞ በደም በኩል ይመጣሉ።

እዚህ ላይ ነው ሴሎች እርስ በርስ የሚያያዙባቸው የመጣበቂያ ሞለኪውሎች ሥራ የሚጀምረው። አንድ ሊምፎሳይት አስቡ። ከደም ጋር እየተወረወረ ይሄዳል። ማቆሚያ የለውም፣ ዓይን የለውም። ታዲያ ቶንሲል ጋ ሲደርስ “ወራጅ አለ” የሚለው ማነው?

ቶንሲል ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም መላሽ ሥሮች ግድግዳ ከሌላው የደም ሥር ይለያል። ሴሎቹ ጠፍጣፋ አይደሉም፤ ወፍራምና ከፍ ከፍ ያሉ ናቸው። በላያቸው የስኳር ሰንሰለት የለበሱ ሞለኪውሎች ተደርድረዋል። ሊምፎሳይቱ ኤል ሴሌክቲን በተባለ ሞለኪውል እነዚያን ስኳሮች ያዝ ያደርጋል፣ ይለቃል፣ እንደገና ያዝ ያደርጋል። አያያዙ ደካማ ስለሆነ አይቆምም። ግን ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ በግድግዳው ላይ መንከባለል ይጀምራል። እየተንከባለለ ሳለ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ኬሚካላዊ መልእክት ያገኛል። መልእክቱ ሲደርሰው ኤልኤፍኤ 1 የሚባለው ሌላ ሞለኪውል ቅርጹን ይቀይራል። እስከዚያ ድረስ እንደታጠፈ ክንድ ነበር። አሁን ይዘረጋና ግድግዳው ላይ ያለውን አይካም 1 አጥብቆ ይይዛል። ሴሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያ ይለጠጥና በግድግዳው ሴሎች መሃል ሾልኮ ወደ ቶንሲል ይገባል።

ገብቶም መያያዙ አያበቃም። ከቶንሲል ሊምፎሳይቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢ ሴሎች ናቸው። ቢ ሴሎቹ የሚሰለጥኑባቸው ክብ ክብ ቦታዎች አሉ። መሃላቸው ላይ ረጃጅም ቅርንጫፍ ያላቸው ሴሎች ተቀምጠው የባዕዱን ቁራጭ በቅርንጫፎቻቸው ላይ አንጠልጥለው ያሳያሉ። ቢ ሴሉ ቪኤልኤ 4 በተባለው ሞለኪውሉ የእነዚህን ሴሎች ቪካም 1 ይይዛል፤ በኤልኤፍኤ 1 ደግሞ አይካም 1ን። ባዕዱን በደንብ ለይቶ የያዘ ቢ ሴል የመኖር ምልክት ያገኛል። ያልቻለው እዚያው ይሞታል።

“መጣበቂያ” የሚለው ቃል ራሱ ትንሽ ያሳስታል። ሙጫ ዝም ብሎ ያገኘውን ይይዛል። እነዚህ ሞለኪውሎች ግን አድራሻ ናቸው። የትኛው ሴል፣ የት ሠፈር፣ መቼ እንደሚወርድ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ቪኤልኤ 4 የሚለውን ስም ያዙልኝ። የዚህ ጉዳይ ዋና ባለጉዳይ እሱ ነው።

ሐሳቡ እንዴት መጣ?

መልቲፕል ስክለሮሲስ ላይ የሚሆነው እንዲህ ነው። የነርቭ ክሮች ማይሊን የሚባል ሽፋን አላቸው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ እንዳለው ፕላስቲክ። ሊምፎሳይቶች ወደ አንጎልና ወደ ህብለ ሰረሰር ይገቡና ይህን ሽፋን ያጠቃሉ። ታካሚው አንድ ቀን ዓይኑ ይደበዝዛል፤ ሌላ ጊዜ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል።

የአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ በጣም ጥብቅ ነው። ማንም ዝም ብሎ አያልፍም። በ1992 ቴድ የድኖክ፣ ሎውረንስ ስታይንማንና ባልደረቦቻቸው አንድ ቁልፍ ነገር አሳዩ። ሊምፎሳይቶች በተቆጣ (ብግነት ባለበት) የአንጎል የደም ሥር ላይ የሚይዙት በቪኤልኤ 4 ነው። የቪኤልኤ 4ን አንድ ግማሽ፣ አልፋ 4 የሚባለውን፣ አንቲቦዲ በሚባል፣ ዒላማውን ለይቶ በሚይዝ ፕሮቲን ሲሸፍኑት መልቲፕል ስክለሮሲስ የመሰለ በሽታ ሊይዛቸው የነበሩ አይጦች ዳኑ።

ሐሳቡ በጣም ያምራል። ሴሎቹን አትገድልም። መቅኔን አታዳክምም። እጃቸውን ብቻ ትሸፍናለህ፤ ደም ውስጥ እየዞሩ ይኖራሉ፣ አንጎል ጋ ሲደርሱ ግን መውረድ ያቅታቸዋል።

ከዚያ ሐሳብ የወጣው መድኃኒት ናታሊዙማብ ነው፤ በንግድ ስሙ ታይሳብሪ። 300 ሚሊግራም በየአራት ሳምንቱ በደም ሥር ይንጠባጠባል። 942 ታካሚዎች በተሳተፉበት ሙከራ በመጀመሪያው ዓመት የበሽታው ማገርሸት በ68 በመቶ ቀነሰ። እስከዚያ ድረስ የነበሩት መድኃኒቶች በግምት ሲሶ ያህል ነበር የሚቀንሱት። ታካሚዎች ለምን እንደጓጉ መረዳት አይከብድም።

አንድ ነገር ግን የደም ምርመራው ላይ ይታይ ነበር። መድኃኒቱን የሚወስዱ ሰዎች ደም ውስጥ ሊምፎሳይት ከፍ ይል ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መውረጃ ያጡ ተሳፋሪዎች አውቶቡሱ ውስጥ ይጠራቀማሉ። ውጤቱን በወረቀት ላይ ላየ ሰው ግን ይህ የድክመት ምልክት አይመስልም።

ሁለቱ ታካሚዎች፣ ከዚያም ሦስተኛው

ሴትየዋ በየአራት ሳምንቱ 37 ዶዝ ወስዳለች። ስትሞት አንጎሏ ሲመረመር ፒኤምኤል በስፋት ተሰራጭቶ ተገኘ።

የሰውየው ታሪክ ለእኔ ከሁሉም በላይ ትምህርት አለው። ኤምአርአይ ላይ መጀመሪያ የታየው ነጠብጣብ ከመልቲፕል ስክለሮሲስ ጠባሳ የሚለይ አልነበረም። ይህን ትንሽ አስቡት። ሐኪሞቹ የሚያክሙትን በሽታ ፈልገው ነው ፊልሙን የሚያዩት። ያዩትም ያንኑ የሚመስል ነገር ነው። ከዚያ ሰውየው በፍጥነት ወረደ። ስቴሮይድ ተሰጠው፣ ፀረ ቫይረስ ተሰጠው፣ በደም ሥር አንቲቦዲ ተሰጠው፤ ምንም አልሆነም። አራቱም እጅና እግሩ ደከሙ። መናገርም፣ ሰው የሚለውን መረዳትም አቃተው። ለሚነካው እንኳ መልስ የሚሰጠው በጭንቅ ነበር።

ናታሊዙማብ ከቆመ ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው ኤምአርአዩ ተቀየረ። አንጎሉ ውስጥ የቁጣ (የብግነት) ምልክት ታየ። መጥፎ ዜና ይመስላል። ግን ምን ማለት እንደሆነ ልብ በሉ፦ የሊምፎሳይቶቹ እጅ ተፈቶ ጠባቂዎቹ ወደ አንጎል መመለስ ጀምረው ነበር። ሳይታራቢን የሚባል መድኃኒት ተሰጠው። ከሁለት ሳምንት በኋላ መሻሻል አሳየ። ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰው።

ዜናው እንደተሰማ ሌላ ቦታ ያሉ ሐኪሞች አንድ የቆየ ፋይል ትዝ አላቸው። ክሮንስ ለሚባለው የአንጀት በሽታ በሙከራ ናታሊዙማብ የወሰደ ሰው ነበር። በ2003 ሞቷል። የሞተበት ምክንያት ተብሎ የተመዘገበው የአንጎል ዕጢ ነው። የአንጎሉ ናሙና ከመደርደሪያ ወጥቶ እንደገና ታየ። ዕጢ አልነበረም፤ ፒኤምኤል ነበር። የዚህ ሰው የደም ናሙናም በየጊዜው ተወስዶ በረዶ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሲመረመር ቫይረሱ ምልክቱ ከመታየቱ ሁለት ወር ቀድሞ ደሙ ውስጥ ተገኘ።

እነዚያን ናሙናዎች ሳይጥሉ ያስቀመጡ ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል። ያለ እነሱ የዚህ ሰው ሞት በተሳሳተ ስም ተመዝግቦ ይቀር ነበር።

ቫይረሱ ከየት መጣ?

ፒኤምኤልን የሚያመጣው ጄሲ ቫይረስ ነው። በሽታው በ1958 ተገለጸ፤ ቫይረሱ በ1971 ከአንድ ታካሚ አንጎል ተለይቶ ወጣ። ስሙም የታካሚው ስም የመጀመሪያ ፊደላት ነው። የሚገርመው ነገር ቫይረሱ ብርቅ አለመሆኑ ነው። ከአዋቂዎች ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት አንቲቦዲው አላቸው። አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ወይም በወጣትነቱ ይይዘዋል፤ ሳያውቀው ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። አንጎል ውስጥ ገብቶ ማይሊን ሠሪ ሴሎችን የሚጨርሰው የመከላከል አቅም ሲላላ ነው። ለዚህም ነው ከ1980ዎቹ ጀምሮ በኤችአይቪ ታካሚዎች ላይ በብዛት የታየው።

ታዲያ እስከዚያ የት ነው የሚያድረው? በ1998 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የዩጂን ሜጀር ቤተ ሙከራ አንድ ግኝት አወጣ። ተመራማሪዎቹ በቀዶ ሕክምና የወጡ የሕፃናትና የአዋቂዎች ቶንሲሎችን መረመሩ። ሲሶ በሚበልጡት ሰዎች ቶንሲል ውስጥ የጄሲ ቫይረስ ዲኤንኤ ተገኘ። የተገኘው በሊምፎሳይቶች ውስጥም፣ ቶንሲሏን ደግፈው በያዙት ሴሎች ውስጥም ነበር። ተመራማሪዎቹ ቶንሲል ቫይረሱ መጀመሪያ የሚገባበት በር ሳትሆን አትቀርም አሉ። ቫይረሱ ኩላሊት ውስጥና መቅኔ ውስጥም ይገኛል።

አሁን ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ አስቀምጡ። ቶንሲል ውስጥ ቢ ሴሎች ከሚይዟቸው እጀታዎች አንዱ ቪኤልኤ 4 ነው። መቅኔ ውስጥም ለጋ ሴሎች ቦታቸውን ይዘው የሚቆዩት በእሱ ነው። ናታሊዙማብ ይህን እጀታ ሲሸፍን ለጋ ሴሎች ከመቅኔ ወጥተው ወደ ደም ይገባሉ፤ ይህ በታካሚዎች ደም ውስጥ ተለክቷል። ከሚለቀቁት መካከል ገና ያልበሰሉ ቢ ሴሎችም አሉ። ቫይረሱን የተሸከሙም አብረው ሊወጡ ይችላሉ የሚል መላምት ከዚህ ነው የተነሳው።

ይህ መላምት ነው። የተረጋገጠው ሌላኛው ግማሽ ነው። በ2006 የታተመ ጥናት መድኃኒቱን የሚወስዱ ሰዎችን የህብለ ሰረሰር ፈሳሽ አየ። ቲ ሴሎች የሚባሉት ሌሎቹ ሊምፎሳይቶች በጣም ቀንሰው ነበር። መድኃኒቱ ከቆመ ከስድስት ወር በኋላም አልተመለሱም። አንጎልን እየዞሩ የሚጠብቁት ሴሎች ከበሩ ውጭ ቀርተዋል ማለት ነው። ደም ውስጥ ሞልተዋል፤ አንጎል ውስጥ የሉም። መድኃኒቱ ሌባና ዘበኛ አይለይም። ማይሊንን የሚያጠቃውም ሴል፣ ቫይረሱን አድኖ የሚያጠፋውም ሴል በአንድ በር ነው የሚገቡት።

ጉሮሮውስ? ሊምፎሳይት ወደ ቶንሲል ለመግባት በዋናነት የሚደገፈው በኤል ሴሌክቲንና በኤልኤፍኤ 1 ነው። ስለዚህ ናታሊዙማብ ቶንሲልን ባዶ አያስቀርም። ጉዳቱ አንድ በር ላይ ያተኮረ ነው፤ ያ በር ደግሞ የአንጎል ሆነ። ኤልኤፍኤ 1ን ራሱን የሚዘጋ መድኃኒትም ነበር፣ ኢፋሊዙማብ የሚባል፤ ሶሪያሲስ ለተባለው የቆዳ በሽታ የተሠራ። እሱም በተወሰኑ ታካሚዎች ላይ ፒኤምኤል አስከትሎ በ2009 ከገበያ ወጣ።

መድኃኒቱ ለምን ተመለሰ?

ከገበያ ከተነሳ በኋላ በሙከራዎቹ መድኃኒቱን የወሰዱ ከ3,000 በላይ ሰዎች አንድ በአንድ ታዩ። ኤምአርአይ ተነሱ፣ የአንዳንዶቹ የህብለ ሰረሰር ፈሳሽም ተመረመረ። የሜጀር ቤተ ሙከራም በዚህ ሥራ ውስጥ ነበር፤ ቶንሲል ውስጥ ቫይረሱን ያገኘው ያው ቡድን። አራተኛ ታካሚ አልተገኘም። አደጋው በአማካይ 18 ወር ገደማ ለወሰደ ሰው ከ1,000 አንድ ተብሎ ተገመተ።

በማርች 2006 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አማካሪ ቡድን ተሰበሰበ። ታካሚዎች መጥተው ተናገሩ። አደጋውን እያወቁ መድኃኒቱ ይመለስልን አሉ። ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ግራ ያጋባል። ግን በየጥቂት ወሩ አንድ የሰውነት ክፍሉን ለሚያጣ ሰው ከሺህ አንድ ማለት ሌላ ትርጉም አለው። ይህን ሒሳብ ታካሚው ራሱ እንዲሠራ መፈቀዱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ቁጥሩን በግልጽ እስከነገሩት ድረስ። ቡድኑ በሙሉ ድምፅ ደገፈ። በጁን 2006 መድኃኒቱ ጥብቅ ቁጥጥር ተበጅቶለት ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ አደጋው የማን እንደሆነ እየተለየ መጣ። በ2012 የታተመው ስሌት ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የጄሲ ቫይረስ አንቲቦዲ የሌለው ሰው አደጋው ከ1,000 ሰው 0.09 ነው። አንቲቦዲው ያለው፣ ቀድሞ መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት የወሰደ፣ ናታሊዙማብንም ከሁለት ዓመት በላይ የወሰደ ሰው ግን ከ1,000 ሰው 11 ይደርሳል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። በዚያው ዓመት አንቲቦዲውን የሚለካ የደም ምርመራ በአሜሪካ ተፈቀደ። ቫይረሱን ያልተሸከመ ሰው መድኃኒቱን ብዙም ሳይፈራ መውሰድ ይችላል። ግን አንድ ጊዜ ተመርምሮ መቀመጥ አይቻልም። ዛሬ የሌለው ሰው ነገ ሊይዘው ስለሚችል ምርመራው በየስድስት ወሩ ይደገማል።

ከጉዳዩ የተማሩት መድኃኒት ሠሪዎችም ነበሩ። አልፋ 4 ብቻውን አይሠራም፤ ጥንድ አለው። ከቤታ 1 ጋር ሲጣመር ቪኤልኤ 4 ይሆናል፣ ወደ አንጎል ይወስዳል። ከቤታ 7 ጋር ሲጣመር ግን አድራሻው አንጀት ነው። በ2014 የተፈቀደው ቬዶሊዙማብ ይህን ሁለተኛውን ጥምረት ብቻ ይይዛል። የአንጀት በር ይዘጋል፤ የአንጎሉ ክፍት ይቀራል። እንደ ናታሊዙማብ ያለ የፒኤምኤል ችግርም አልታየበትም።

ፒኤምኤል ሲገኝ ዛሬ ናታሊዙማብ ወዲያው ይቆማል። በብዙ ቦታም ደሙ በማሽን ተጣርቶ መድኃኒቱ ቶሎ እንዲወጣ ይደረግ ነበር። ከዚያ ሁሉም የሚጠብቀው ያንን ቁጣ ነው፤ ሴሎቹ ሲመለሱ የሚመጣውን። ሲበዛ ራሱ ይገድላል፤ ካልመጣ ደግሞ ቫይረሱን የሚያቆመው የለም። በዚህ መድኃኒት ምክንያት ፒኤምኤል ከያዛቸው ሰዎች ከአራቱ ሦስት ያህሉ ይተርፋሉ፤ ብዙዎቹ ግን ከጉዳት ጋር።

በአሜሪካው የቁጥጥር ሥርዓት ነርሷ መድኃኒቱን ከመስቀሏ በፊት ታካሚውን የምትጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። ካለፈው ጊዜ ወዲህ የማሰብ ችግር አጋጥሞሃል? ዓይንህ ላይ የተለወጠ ነገር አለ? ሚዛንህ፣ ጉልበትህስ? ከአንዱም ላይ “አዎ” ካለ መድኃኒቱ ወዲያው አይሰቀልም። መጀመሪያ ሐኪሙ ይጠራል።